የአይሱዙው ኪሳራ፦ በአንድ የፍቺ መዝገብ የጠበቃ አበል እንዴት ተወሰነ

ፍርድ ተነቦ ከችሎት ስንወጣ፣ ገና ደረጃውን ሳንጨርስ፣ ባለጉዳዮቼ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለእርስዎ የከፈልኩትን ይመልስልኛል ወይ?» በደሴና በኮምቦልቻ ችሎቶች በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ሳይጠይቀኝ የተሰናበተኝ የፍቺ ባለጉዳይ ትዝ አይለኝም። አዎ ብል እዋሻለሁ፤ አይ ብልም እንዲሁ። ስለዚህ ከመዝገቦቼ አንዱን ከነዝርዝሩ ላውጣው። የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ የሚያስለያቸውንም ነገር ቀይሬዋለሁ። ባለጉዳዬ «ይጻፍ፣ ሌላዋ ትማርበት» ብላ ፈቅዳለች።

ባልና ሚስቱ ኮምቦልቻ ውስጥ 16 ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። እሷ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥበት የባልትና ሱቅ አላት። እሱ በአይሱዙ የጭነት መኪና በባቲ በኩል ሚሌ ወርዶ ጭኖ ይመለሳል። በ200 ካሬ ላይ የሠሩት ቤትም አላቸው። ቤቱ በሁለቱም ስም ስለነበር ክርክር አልተነሳበትም። መዝገቡን ያወፈረው አይሱዙው ነው።

መጀመሪያ ደሴ ቢሮዬ የመጣችው በጥቅምት 2015 ነው። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ እጇ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል ይዛ። ፌስታሉ ውስጥ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተርና በጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ አምባር ነበር። አምባሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ገንዘብ የለኝም፤ ይህን ፒያሳ ወርዤ ልሽጠውና ልምጣ፣ ወይስ እርስዎ ይይዙልኛል?» አለችኝ። ወርቅ በመያዣ አልይዝም። ሄዳ ሸጠችው። ከሰዓት በኋላ 15,000 ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። በዚያ ሰሞን የደረሰኝ ጥራዜ አልቆ አዲስ እንዲታተም አመልክቼ ነበርና መቀበሌን በነጭ ወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠኋት። ወደዚህ ወረቀት እመለሳለሁ።

የጥብቅና ውላችን ሁለት ክፍል ነበረው። ለፍቺውና ለልጆቹ ጉዳይ ቁርጥ 20,000 ብር፤ ክርክር ለሚነሳበት ንብረት ደግሞ ከምታገኘው ድርሻ አሥር በመቶ፣ እየተከፋፈለ የሚከፈል። ሁለቱን ለይቼ የጻፍኩት ከዚህ በፊት አንድ ላይ የተጻፈ ውል ይዤ ችሎት ቀርቤ ስለተቸገርኩ ነው። ዳኛው «ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለፍቺው፣ ስንቱ ለንብረቱ ነው?» ሲሉኝ መልስ አጥቼ ነበር። ይህ መለያየት በኋላ ምን እንደጠቀመ ይታያል።

ሕጉ ምን ይላል

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ስለ ፍቺው፣ ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት ክፍፍል ይደነግጋል። የጠበቃ አበል ጥያቄ ሲነሳ ግን የምንገልጠው የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቁጥር 462 በሌላ ሕግ በተለየ ካልተደነገገ በቀር ኪሳራውን፣ ማለትም ለክርክሩ የወጣውን ወጪ፣ ማን ይክፈል፣ ከየትኛው ንብረት ይከፈል፣ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ለፍርድ ቤቱ ይተወዋል። ተከታዮቹ ቁጥሮች ኪሳራ የተፈረደለት ወገን ያወጣውን ዘርዝሮ እንዲያቀርብና ዝርዝሩ እንዲመረመር ያዛሉ። የጠበቃ አበልም የዳኝነት ክፍያም የምስክር ወጪም የሚጠየቁት በዚሁ ዝርዝር ነው።

በገንዘብ ክርክር፣ ለምሳሌ ብድር አልመልስም ያለን ሰው ከስሰው ሲረቱት፣ ኪሳራውን የተረታው መሸፈኑ የተለመደ ነው። ፍቺ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ማን ረታ? ሁለቱም ከትዳሩ ወጡ፤ ሁለቱም የየድርሻቸውን ይዘው ሄዱ። ስለዚህ በብዙ የፍቺ ፍርዶች መጨረሻ ላይ የምናነበው «ወጪና ኪሳራን በተመለከተ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» የሚለውን መስመር ነው። ብዙ ሰው ይህን መስመር ሲሰማ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ዳኛው ግን በአንድ መዝገብ ውስጥ ያሉ ጉዳዮችን ለያይቶ ለአንዱ «ይቻሉ»፣ ለሌላው «ይተካ» ማለት ይችላል። ቁጥር 462 «ምን ያህል» የሚለውንም ለፍርድ ቤቱ መስጠቱ በር የሚከፍተው እዚህ ላይ ነው።

የሌላ አገር ሕግ እዚህ አይሠራም፤ ጥያቄውን ለመለየት ግን ይረዳል። የካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶችን በሁለት አንቀጾች አስቀምጧል። አንቀጽ 2030 የተጋቢዎቹን የገንዘብ አቅም ይመለከታል፤ አንደኛው ጠበቃ የማቆም አቅም ኖሮት ሌላው ካጣ፣ ክርክሩ ሳያልቅ አቅም ያለው ለሌላውም ጠበቃ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። አንቀጽ 271 ደግሞ ጠባይን ይመለከታል፤ ስምምነትን የገፋና ክርክሩን ያለ አግባብ ያስረዘመ ወገን የሌላውን የጠበቃ ወጪ ይሸከማል። እንግሊዝ አገር በፍቺ የገንዘብ ክርክር መነሻው ሁሉም የራሱን መቻሉ ነው፤ ጠባይ ግን ይህን ሊለውጠው ይችላል። በእኛ ችሎቶች እንዳየሁት ቁጥር 462ን በሥራ ላይ ሲያውሉ ዳኞቻችን ወደ ጠባዩ ያመዝናሉ። የአቅም ልዩነቱን የሚያየው ሰው ያንሳል። በዚህ መዝገብ ሁለቱም ተነስተዋል።

ፍቺው

ይህ ክፍል አጭር ነው። አራት ቀጠሮ ወሰደ። በመጀመሪያው ሽማግሌ ተይዞ እንዲሞክሩ ታዘዘ፤ አልሆነም። በሁለተኛው ባልየው ራሱ «እኔም በቃኝ» አለ። የልጆቹ አያያዝ በስምምነት ለእናት ሆነ፤ ቀለብ በወር 5,000 ብር ተቆረጠ። በጥር 2015 ፍቺው ሲወሰን ኪሳራውን የየራሳቸውን እንዲችሉ ታዘዘ። ባለጉዳዬ ቅር አላት። «እኔ ነኝ የተበደልኩት፣ ለምን እኔ እከፍላለሁ?» አለች። በዳዩን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩን ማን አላስፈላጊ አደረገው የሚለው ሌላ ነው። ባልየው በፍቺው ጉዳይ አንድም ቀን አላጓተተም፤ መጥሪያ ሲደርሰው መጣ፣ ሲጠየቅ መለሰ። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

አይሱዙው

የንብረት ክርክሩ ሲከፈት ባልየው በመልሱ ላይ መኪና የለኝም አለ። በሐምሌ 2014፣ ማለትም አቤቱታው ከመቅረቡ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ለወንድሙ በ300,000 ብር ሸጫለሁ ብሎ የሽያጭ ውል አያያዘ። ሊብሬውም በወንድሙ ስም ዞሯል። ወንድምየው ጣልቃ ገብ ሆኖ ቀረበና መኪናው የእኔ ነው አለ።

ነገሩ ሐሰት መሆኑን ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ችሎት ግን ሰፈሩ የሚያውቀውን አይቀበልም፤ ማስረጃ ይፈልጋል። መኪናውን ከተሸጠ በኋላም እሱ ይነዳዋል፤ ጭነቱን በስሙ ይቀበላል፤ ኪራዩ በእሱ ሒሳብ ይገባል። ይህን ለማሳየት ጭነት ካሰማራው ማኅበር የጭነት ሰነድ፣ ከባንክ የሒሳብ መግለጫ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስመጣት ነበረብን። መኪናው መጀመሪያ የተገዛበት ወረቀት አልተገኘም፤ በ2014ቱ ጦርነት ኮምቦልቻ ስትዘረፍ ሱቋም ተዘርፎ ስለነበር እዚያ ያስቀመጠችው ሰነድ ሁሉ ጠፍቷል። ለዚህ ሦስት ምስክሮች ከባቲ አመጣን። አንዱ ለአራት ዓመት የመኪናው ረዳት የነበረ ወጣት ነው። ዳኛዋ «መኪናው ከተሸጠ በኋላ ደመወዝህን ማን ይከፍልህ ነበር?» ብለው ሲጠይቁት ባልየውን በጣቱ እያሳየ «እሳቸው ናቸዋ፣ ሌላ ማን አለ» አለ። ከዚያ ወዲያ ወንድምየው ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

በመኪናው ጉዳይ 11 ቀጠሮ ሄድን። ስድስቱ ማስረጃ ለማስቀረብና ምስክር ለመስማት የዋሉ ናቸው። ሁለቱ ባልየው ሳይቀርብ በመቅረቱ የተለወጡ ሲሆኑ፣ በየዕለቱ 1,000 ብር ኪሳራ እንዲከፍል ወዲያው ታዟል። ሦስቱ በ2016 መንገድ ተዘግቶ ሰው መንቀሳቀስ ባልቻለባቸው ቀናት የተላለፉ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን በማንም ላይ ማላከክ አይቻልም፤ እኔም በዝርዝሬ ውስጥ አላስገባኋቸውም።

በዚህ ሁሉ መሐል የከነከነኝን ልናገር። መኪናው በእሱ እጅ ነው፤ በየሳምንቱ ገቢ ያመጣል። ከዚያ ገቢ ላይ ጠበቃ አቁሟል። እሷ የዚያው መኪና ግማሽ ባለቤት ሆና ሳለ ጠበቃ ያቆመችው አምባሯን ሸጣ፣ ከዚያም እቁቧን ቀድማ እንድትወስድ ጓደኞቿን ለምና ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል። አንዱ በጋራ ገንዘብ፣ ሌላው በአምባር ሲከራከር እኩልነቱ የቱ ላይ ነው? ከመኪናው ገቢ ግማሹ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ወይም ለክርክሩ ወጪ እንዲሰጣት በየካቲት 2015 አመለከትኩ። ፍርድ ቤቱ ገቢው እንዲመዘገብና ባልየው ሒሳብ እንዲያቀርብ አዘዘ፤ ገንዘቡ በቅድሚያ እንዲሰጣት ግን አልፈቀደም። የመኪናው ባለቤትነት ገና አልተወሰነም በሚል ነው። ምክንያቱን አከብራለሁ። ቢሆንም ውሳኔው የወደቀባት እሷ ላይ ነበር፤ በዚያው ወር ሁለተኛውን ክፍያዬን ያመጣችው በብድር ነው። አቅም የሌለው ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባለው መሠረት የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ ዐቃቤ ሕግም አቅም ለሌላቸው ሴቶች በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይቆማል። እሷ ሱቅ ስላላት በደሃ ደንብ አትገባም። ደሃ አይደለችም፣ ግን በእጇ የሚገኝ ገንዘብ የላትም። እንዲህ መሐል ላይ የሚቀሩ ሴቶች ብዙ ናቸው።

ፍርዱ በሚያዝያ 2016 ተነበበ። ሽያጩ ያለ ሚስት ስምምነት የተደረገ፣ ገንዘብ ስለመከፈሉም ማስረጃ ያልቀረበበት ነው ተብሎ ፈረሰ፤ መኪናው የጋራ ሆነ። በባለሙያ 1,900,000 ብር ተገመተና ግማሹ፣ 950,000 ብር፣ የእሷ ድርሻ ሆነ። ከመኪናው ገቢ ሒሳብ ሲሠራ ባልየው ካቀረባቸው ተቀናሾች መካከል «ለጠበቃ የተከፈለ 80,000 ብር» የሚል መስመር ነበር። ለነዳጅና ለጎማ ያወጣው ሲያዝለት ይህ ተሠረዘበት። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ዕዳ የሚለው ለትዳሩና ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባን ዕዳ ነው፤ የጋራ ንብረትን ከሚስት ለመሸሸግ የተቀጠረ ጠበቃ ከዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ያ 80,000 ብር ወደ ገቢው ተመልሶ ግማሹ፣ 40,000 ብር፣ ለእሷ ታሰበ። በየካቲት ያጣችው ነገር በዚህ በኩል በከፊል ተመለሰላት ማለት ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ባልየው በሌላ ሒሳብ 400,000 ብር ደብቋል ብለን ጠይቀን ነበር፤ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ተገኘና ጥያቄው ውድቅ ሆነ። የእሱ ጠበቃ «በዚህ እኛ ረትተናልና ኪሳራ ይቆረጥልን» አሉ። ፍርድ ቤቱ ጥያቄው በቅን ልቦና የቀረበ መሆኑን፣ ለዚህ ብቻ ተለይቶ የወጣ ወጪም አለመታየቱን ጠቅሶ አልተቀበላቸውም።

የኪሳራው ትእዛዝ እንዲህ ይል ነበር፦ በመኪናው ክርክር ተጠሪና ጣልቃ ገብ ወጪና ኪሳራ በአንድነትና በነጠላ ይተኩ፤ አመልካች ዝርዝር የማቅረብ መብቷ ተጠብቋል፤ በቀረው ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ። «በአንድነትና በነጠላ» ማለት ከሁለቱ ወንድማማቾች ከፈለገችው ሙሉውን መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። ጣልቃ ገቡ መኪናውን ማጣት ብቻ ሳይሆን ኪሳራም ተሸክሞ እንደሚወጣ ያልጠበቀ ይመስለኛል።

ዝርዝሩ

ዝርዝሩን የጻፍነው ደሴ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተቀምጠን ነው። ባለጉዳዬ ሁሉንም ማስገባት ፈለገች፤ ለፍቺው የከፈለችውን 20,000፣ ሱቅ ዘግታ የዋለችባቸውን ቀናት፣ የብድሩን ወለድ፣ «ያለቀስኩበትንስ?» ጭምር። የፍቺውን አወጣሁት፤ በትእዛዙ ውስጥ የለም። ወለዱን አስገባሁ፣ እንደማይሰጣት ግን አስቀድሜ ነገርኳት። ለቅሶዋ ላይ ዝም አልኩ።

ለመኪናው የጠበቃ አበል ብዬ የጻፍኩት 95,000 ብር ነው፤ የ950,000 አሥር በመቶ። ከዚህ ውስጥ 55,000 በደረሰኝ የተከፈለ፣ 15,000 በዚያ በነጭ ወረቀት የተጻፈው፣ 25,000 ደግሞ ገና ያልተከፈለ ነበር። ከዚያ የዳኝነት ክፍያ 9,400፤ የሦስቱ ምስክሮች መጓጓዣና የቀን አበል 1,800፤ ለገማቹ የተከፈለ 4,500፤ እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ የተመላለስኩበት 3,300፤ ለተዘጋ ሱቅ 22,000፤ የብድር ወለድ 6,000።

በሰኔ 2016 ዝርዝሩ በችሎት ተመረመረ። ዳኛዋ እርሳስ ይዘው መስመር በመስመር ወረዱ። የባልየው ጠበቃ የመጀመሪያ ተቃውሞ ጠንካራ ነበር። የጥብቅና ውል በተዋዋሉት ሰዎች መካከል ብቻ ውጤት አለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1952 ይህንኑ ይላል፤ ጠበቃዋና እሷ አሥር በመቶ ቢስማሙ እኛን አያስገድደንም አሉ። እውነት ነው። ዳኛዋም ተቀበሏቸው። ውሉ መነሻ እንጂ ልክ አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ሥራውን ነው አሉና ስድስት የማስረጃና የምስክር ቀጠሮ፣ አራት ጽሑፍ፣ የሰነዱን ውስብስብነትና የንብረቱን ግምት ጠቀሱ። ከዚያ እርሳሱ 15,000 ላይ ቆመ።

«ይሄ በምን ማስረጃ ነው?»

«በእጅ የተጻፈ መቀበያ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ደረሰኝ የለዎትም?»

«ለዚህኛው የለኝም።»

ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ታጥፎ ታጥፎ መሐሉ ተሰንጥቋል፤ ጠርዙ ላይ የበርበሬ ጣት አርፎበታል። መልሰው ሰጡኝና መስመሩን ሰረዙት። በግል አልጠረጠሩኝም። ነገር ግን ጠበቃ ለራሱ ባለጉዳይ በነጭ ወረቀት የጻፈውን ፍርድ ቤት ቢቀበል፣ ነገ እያንዳንዱ ዝርዝር በነጭ ወረቀት ይሞላል። ገና ያልተከፈለውም 25,000 «ያልወጣ ወጪ» ተብሎ ቀረ። በደረሰኝ የታየው 55,000 ሙሉ ለሙሉ ተፈቀደ፤ ከድርሻዋ ስድስት በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ለሥራው የተጋነነ አይደለም ተባለ።

የቀረው በፍጥነት አለቀ። የዳኝነት ክፍያው 9,400 እና የምስክሮቹ 1,800 እንዳለ ተፈቀዱ። የገማቹ ግምት ለሁለቱም ያገለገለ ነውና ግማሹ፣ 2,250 ብር ተያዘ። የእኔ መመላለሻ ተሰረዘ፤ ኮምቦልቻም ጠበቃ አለ፣ ከደሴ ማምጣት ምርጫዋ ነው ተባለ። የሱቁ 22,000 የሽያጭ መዝገብ ስላልቀረበበት፣ ባልየው ሳይቀርብ ለቀረባቸው ቀናትም በየዕለቱ ኪሳራ ተቆርጦ ስላለቀ ወደቀ። ወለዱ ወደቀ። ድምሩ 68,450 ብር ሆነ።

ከአምባሩ ቀን ጀምሮ ለፍቺውና ለመኪናው ያወጣችውና የምታወጣው፣ ሱቁንና ወለዱን ሳንቆጥር፣ 134,000 ብር ነው። የተመለሰላት ከግማሹ እምብዛም አይዘልም። እንደ ልምዴ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። በአንዱ መዝገብ ፍርዱን አሸንፈው የዝርዝሩን ቀን የሚረሱ፣ በሌላው ያለ ምንም ደረሰኝ የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እነሱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እዚህ የጠቀመን መኪናው ተለይቶ በራሱ ውል፣ በራሱ ቀጠሮ፣ በራሱ ማስረጃ መታየቱ ነው። ዳኛዋ «የቱ ወጪ በማን ምክንያት መጣ» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ከወረቀቱ ላይ ይነበብ ነበር። በአንድ ድምር «ለፍቺ ጉዳይ 115,000» ብለን ብንሄድ ኖሮ የፍቺው «ይቻሉ» የመኪናውንም ይዞ ይሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌዎቹ

ትእዛዙ ከተሰጠ በሦስተኛው ሳምንት የባልየው ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ሐጂ ሱቋ መጡ። እኔ አልነበርኩም፤ እሷ ናት የነገረችኝ። ቡና ፈላ፣ ዱአ ተደረገ። ሐጂው «ልጄ፣ ፍርዱን ለመንካት አልመጣንም። መኪናውም ድርሻሽ ነው፣ ቤቱም። ይቺን ኪሳራ ግን ለልጆችሽ አባት ብለሽ ተይለት። ወንድማማቾቹን አቃቅራለች» አሏት። እሷም «ሐጂ፣ ስለፈታኝ ብጠይቀው ኖሮ እተውለት ነበር። የጠየቅሁት መኪናውን ስለደበቀ ነው። ሲደብቀው እርስዎን ልኮ አላማከረኝም» አለች። ሐጂው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «እውነትሽን ነው» ብለው ሌላ ነገር አነሱ፤ በሁለት ጊዜ እንዲከፍል፣ ወንድምየውን በተናጠል እንዳትጠይቀው። በዚህ ተስማማች።

በወሎ ሽማግሌ ፍርድ ቤት የጨረሰውን ነገር እንደገና ያነሳዋል፤ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አይወዱትም። እኔ አልቃወመውም፤ ሴትዮዋን በልመና እስካላስጨነቋት ድረስ። ኪሳራ የባለመብቷ ገንዘብ ነው፤ መተውም፣ ማዘግየትም፣ መጠየቅም የእሷ ነው። ጠበቃ እዚያ መሐል ገብቶ «አትተይ» ማለት የለበትም፣ «ተይ» ማለትም እንዲሁ።

የመጀመሪያው 35,000 ብር በሐምሌ 2016 ተከፈለ። ሁለተኛው 33,450 ዘገየና የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትን፤ መጥሪያው ሲደርሰው በሳምንቱ አስገባ። መዝገቡ ተዘጋ።

የቀረን የእኔና የእሷ ሒሳብ ነበር፤ ያልተከፈለኝ 25,000። ዳኛዋ የሰረዙት 15,000 በእኔ ጥፋት የጠፋ ነው። ደረሰኝ ካልነበረኝ ገንዘቡን መቀበል አልነበረብኝም፤ ወይም አዲሱ ጥራዝ እንደታተመ ጠርቼ ልቆርጥላት ይገባኝ ነበር፣ ረሳሁት። ስለዚህ 15,000ውን ከቀሪው ቀንሼ 10,000 ብቻ እንድትከፍል ነገርኳት። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ሠርተዋል እኮ» ብላ ተከራከረችኝ። 10,000ውን ተቀብዬ በዚያው ሰዓት ደረሰኝ ቆረጥኩላት። ደረሰኙን አጥፋ ከዚያው ጥቁር ፌስታል ከተተችውና የኮምቦልቻ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ወደ መናኸሪያ ወረደች።